አንድ ጊዜ ማንኳኳት

እኛ ሦስታችን ስልክ አናነሳም። ሲጠራ እንሰማለን፣ የማን እንደሆነ እናያለን፣ እስኪያቆም እንጠብቃለን። ከመሀላችን አንዷ ብታነሳ ነውር ነው። ይህን ለሰው ስናገር ይስቅብኛል። «ሚስኮል ነዋ እማማ!» ይለኛል፣ የድሃ ብልሃት መስሎት። ይምሰለው። የሚስቅን ሰው ሁሉ ቁጭ አድርጌ ላስረዳ ብል ዕድሜዬ አይበቃኝም።

ነገሩ ከስልክ በፊት የነበረ ነው። ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤት ተጣብቆ ተሠርቶ ነበር። መሀለኛው የኔ ነው። በግራዬ አንዷ ጓደኛዬ፣ በቀኜ ሌላዋ። የሚለየን የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው፣ ያውም ስስ፤ የአንዳችን ሳል ሌላዋን ይቀሰቅሳል። ጠዋት ስንነሳ በጣታችን አንጓ ግድግዳውን እናንኳኳለን። አንድ ጊዜ ከሆነ ተነስቻለሁ፣ አለሁ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ ነይ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ የሚባል የለንም፤ አላስፈለገንም መሰለኝ። የግራዋ ጓደኛዬ ምጥ የያዛት ዕለት፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሁለቴ አንኳኳች። ድስት ጥጄ ነበር፤ እንደተጣደ ትቼው ሮጥኩ። ድስቱ አረረ፣ ሴት ልጅ ተወለደች። ያቺ ልጅ ኋላ ስለምትመጣ ነው ያነሳኋት።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። የፈረሰበት ያውቀዋል፤ ያልፈረሰበት ደግሞ የአዲሱን መንገድ ፎቶ አይቶ «ዋው» ብሏል። የግራዋን ጓደኛዬን ያቺው ልጇ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ወሰደቻት። የቀኟ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ገባች። እኔ ቂርቆስ ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ከወንድ ልጄ ጋር ነኝ። ከእንግዲህ ጎተራዋ፣ ሰንጋ ተራዋ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ስማቸውን ብጽፍ አንዷ ታሳድደኛለች፤ የትኛዋ እንደሆነች እያነበባችሁ ይገባችኋል።

የመጀመሪያውን ሳምንት ጠዋት ስነሳ እጄ ወደ ግድግዳው ይሄድ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ያለው የማላውቀው ሰው ቴሌቪዥን ነው። ይህንን ለሰንጋ ተራዋ ብነግራት፣

«ታዲያ ምን ያስለቅሳል? ስልኩ ግድግዳ ይሁነና!» አለች።

በዚያው ሆነ። ጎተራዋ ለኔ ትደውልና አንዴ ሲጠራ ትዘጋለች። እኔ ለሰንጋ ተራዋ አደርሳለሁ፣ ሰንጋ ተራዋ ለጎተራዋ ትመልሳለች። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሆን ሦስታችንም በእግራችን ቆመናል ማለት ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ከአልጋ ሳይወርዱ፣ ፊት ሳይታጠቡ አይደወልም። ተኝቶ መደወል ውሸት ነው። ሰንጋ ተራዋ ከሱብሒ ሶላት ጀምራ ነቅታ ስለምትጠብቀን ሁልጊዜ ትነጫነጫለች። «እናንተ እስክትነሱ እኔ የቀኑን ግማሽ ጨረስኩት» ትለናለች።

ስልኮቻችን ባለ ቁልፍ ናቸው። ፊደል የቆጠርኩት ልጄ ደብተሩን ዘርግቶ ሲያጠና ከጎኑ ቁጭ ብዬ ስለሆነ ስም ማንበብ አያቅተኝም፤ ግን እሱም አያስፈልግ። ሁለት ቁጥርን ተጭኜ ስይዛት ሰንጋ ተራ ትሄዳለች፣ ሦስት ቁጥር ጎተራ። ደግሞ መደወል አንለውም። ማንኳኳት ነው የምንለው።

አንድ ጊዜ የእድራችን አዳራሽ ባጅ ያንጠለጠለች ወጣት መጣች፣ አሮጊትና ሽማግሌን ስለ ስልክ ልታስተምር። ማጉያውን ይዛ «እናቶች፣ አባቶች፣ ስልክ ማለት መረጃ ማለት ነው» አለች። ራሳችንን በራሳችን እንዴት ፎቶ እንደምናነሳ አሳየችን። ልብ እንዴት እንደሚላክም አሳየችን። እጄን አወጣሁ።

«ልጄ፣ አንዴ ጠርቶ ሲያቆም ምን ማለት ነው?»

«ኔትወርክ ነው እማማ።»

«ሁለቴ ጠርቶ ሲያቆምስ?»

«እሱም ኔትወርክ ነው።»

ሰንጋ ተራዋ አጠገቤ ነበረች፤ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ልጅቷ በኔ አለማወቅ የሳቀች መስሏት አዘነችልኝ። «ችግር የለውም እማማ፣ ቀስ እያሉ ይለምዱታል» አለችኝ። እሺ አልኳት። ሰዎቹ ስልኩን ለምን እንደያዙት ሳትጠይቅ ስለ ስልክ ልታስተምር የመጣችን ሰው ከእሺ ሌላ ምን ይሏታል? ሻይና ብስኩት አቀረቡልን። ብስኩቱ ጥሩ ነበር።

እኔ ቤት ውስጥ መዋል አይሆንልኝም። ጠዋት ከቂርቆስ እወጣለሁ፣ በኦሎምፒያ አድርጌ ካዛንቺስ እደርሳለሁ፣ ግቢያችን የነበረበትን ቦታ አይቼ በሌላ መንገድ እመለሳለሁ። ልጄ «የት ነበርሽ?» ሲለኝ «እዚሁ» እላለሁ። ስዞር የማየው ብዙ ነው። ኦሎምፒያ ካፌዎቹ በረንዳ ላይ አራት ሆነው ተቀምጠው አራቱም አንገታቸውን ደፍተዋል። ድሮ እንደዚያ ተደፍቶ የሚቀመጠው ሐዘንተኛ ብቻ ነበር። አንድ ቀን «ምነው ልጆቼ፣ ማን ሞተባችሁ?» አልኳቸው። አንዷ ቀና ሳትል «ማንም» አለችኝ።

የድሮ ሰፈራችን ሰዎችም ግሩፕ አላቸው። ልጄ በሱ ስልክ ያሳየኛል። ጠዋት ጠዋት ጽጌረዳ ይላካል፤ «መልካም ቀን» የተጻፈበት፣ ጤዛ ያረፈበት፣ የትም አገር የማይበቅል ጽጌረዳ። ያው አንዱ አበባ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። የላከው አልጋ ውስጥ ነው፣ የተላከለትም አልጋ ውስጥ ነው። ለሰፈሩ ሁሉ «እንደምን አደራችሁ» ይልና አንድ ሰው እንኳ «እንደምን አደርክ» ሳይል ይውላል። በየቀኑ የሚልክ አንድ ሰውዬ ነበር፣ ድሮ ልብስ ሰፊ የነበረ።

«ይኼ ሰውዬ ደህና ነው?» አልኩት ልጄን።

«ደህና ነዋ። ይኸው ላከ እኮ።»

ልጄ እንዲህ ነው። ደግ ነው፣ ግን እንዲህ ነው። እኔ በልቤ፣ የኛ ግድግዳ እንኳን ተረፈ አልኩ። ብዙ ኮርቼበት ነበር።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ሰሞን የጎተራዋ ማንኳኳት ተለወጠ። መጀመሪያ ሰዓቱ ነው። ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ መምጣት ጀመረ፣ ቢሮ የሚገባ ሰው ታክሲ በሚጋፋበት ሰዓት። ቀጥሎ እጁ። የሷን እጅ አውቀዋለሁ። ስልኩ ጮሆ ሳይጨርስ ነው የምትቆርጠው፣ የጋለ ነገር እንደነካ ሰው። ይኼኛው ግን አንዱን ጩኸት እስከ ጫፉ አስጩሆ፣ ተረጋግቶ ነው የሚዘጋው። የኮንዶሚኒየም ኑሮ ነው፣ እንቅልፍ ለምዳለች አልኩ። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ አልኩ፣ በአምስተኛውም። ጆሮዬ አይደለችም እያለኝ እግሬ ወደ ኦሎምፒያ ይሄድ ነበር። ይህን የምጽፈው ኋላ ሌላ ሰው ላይ ጣቴን ስቀስር እኔ ንጹሕ እንዳልመስል ነው።

እሁድ ዕለት አስቀድሼ፣ ቤት ገብቼ፣ ቁርሴን በልቼ፣ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ አንድ ጊዜ ጠራ። ጎተራዋ እሁድ እስከ አራት ሰዓት ተኝታ አታውቅም። ታማ እንኳ አትተኛም። ለልጄ ነገርኩት። እሱ ግሩፑን ከፍቶ አሳየኝ። የጎተራዋ ልጅ የእናቷን ፎቶ ለጥፋለች፤ ያለፈው የፋሲካ ነው፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ሳቅ ብላ። ከሥሩ «የኔ ንግሥት፣ ሺህ ዓመት ኑሪልኝ» የሚል አለ። ከዚያ ሥር ልብ፣ ልብ፣ ልብ። ልብስ ሰፊው ጽጌረዳውን አክሎበታል።

«አየሽ እማዬ? ደህና ናት።»

«ይኼ ያምናው ፋሲካ ነው።»

«ቢሆንስ? ትናንት ነው እኮ የተለጠፈው።»

በነጋታው ሰኞ ገና ሳይነጋጋ ተነሳሁና ሰንጋ ተራ ሄድኩ። ሰንጋ ተራዋ በሩን ስትከፍት ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ምነው? ሁለቴ አላንኳኳሁ።»

«የጎተራዋ እጅ ልክ አይደለም።»

«ያ ረቢ! ደግሞ የእጅ ሐኪም ሆንሽ?»

«ሰዓቱም ልክ አይደለም። እጁም የሷ አይደለም። አንቺ ለሷ ስታንኳኪ ምንም አልታወቀሽም?»

«እኔ አንኳኩቼ እዘጋለሁ፣ ምን ይታወቀኛል? ሰዓቷ ግን…» አለች። እሷም ታውቋት ነበር። ሁለታችንም ተፋፍረን ተቀመጥን።

ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርገን ጠበቅን። ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ጠራ፣ የጎተራዋ ስም ወጣ። በዚያን ጊዜ በሕይወቴ አድርጌው የማላውቀውን አደረግሁ። አረንጓዴዋን ተጫንኩ።

«ለገሃር! ለገሃር! የሞላ!» ይላል አንድ ድምፅ። የታክሲ ረዳት ነው። ከዚያ የመኪና ጥሩምባ። ከዚያ ለሌላ ሰው የምታወራ ሴት፣ «አዎ፣ እሱን ሪፖርት እኔ ልኬዋለሁ በቃ፣ ማለቴ… ውይ! አነሱት እንዴ?»

«ማነሽ?» አልኩ፣ ድምፅዋን እያወቅሁት።

«እማማ! እንደምን አደሩ? እኔ ነኝ… ማለቴ፣ እማዬ ደህና ናት። ተሳስቶ ነው።»

«እናትሽ የት ናት?»

«ቤት ናት። ተኝታ ነው እማማ። እግሯን ትንሽ… ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ በኋላ ልደውልልዎ?» ተዘጋ።

ሰንጋ ተራዋ ሁሉንም ሰምታለች። የኔ ስልክ ድምፁ ትልቅ ነው።

«እንግዲህ የኔ ማንኳኳት ይኼን ሁሉ ቀን የሚያንኳኳው የልጅቷ ቦርሳ ውስጥ ነበር» አለች። «ከሊፒስቲኳ ጋር!» ሻርፗን አንስታ ከኔ ቀድማ ወጣች።

ጎተራ ደርሰን ሦስተኛ ፎቅ እስክንወጣ ሁለት ጊዜ አረፍን። በሩን የከፈተችው ራሷ ልጅቷ ናት። ድምፄን ስትሰማ ደንግጣ ከመንገድ ተመልሳለች። አንገቷ ላይ የቢሮ መታወቂያዋ እንደተንጠለጠለ ነው።

«እማማ፣ ግቡ… ማለቴ ቤቱ ተዝረክርኳል።»

«ቤቱን ልናይ አልመጣንም» አለቻት ሰንጋ ተራዋ።

ጎተራዋ ከኋላ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ተኝታ ነበር። መታጠቢያ ቤት አዳልጧት ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰንጥቋል። ሐኪም አይቷት አትነሳ ብሏል። ቀን አራት ሰዓት ላይ የምትመጣ ተመላላሽ ሠራተኛ አለቻት፤ እስከዚያ ብቻዋን ናት። አሥራ አንድ ቀኗ ነው። አልጋዋን ሳየው ገረመኝ። ክፍሉ መሀል ላይ እንደ ጠረጴዛ ተገትሯል፣ ከየትኛውም ግድግዳ ርቆ።

አየችን። ፊቷን ወደ ግድግዳው ልታዞርብን ፈለገች፣ ግድግዳው ሩቅ ሆነባት።

«መጣችሁ?» አለች። «ምነው ቸኮላችሁ? ለቀብሬ ገና እኮ ነው።»

«አልሰማንም» አልኳት።

«አንኳኳሁ እኮ። በየቀኑ ሁለቴ አንኳኳሁ።»

«በምን?»

እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣችው። የጣቶቿ አንጓ ላይ ቆዳው ተልጧል። ስልኳ የለም፤ ልጅቷ «እረፊ» ብላ ወስዳባታለች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አልጋዋ አጠገብ የነበረውን ግድግዳ ስትመታ ነው የከረመችው። አንድ፣ ሁለት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ አንድ፣ ሁለት።

«እናንተ ከወዲያ እንደሌላችሁ አውቃለሁ፤ አልጃጀሁም» አለች። «ግን ሰው አለ። ሰው ሁለቴ ከተንኳኳበት ይመጣል ብዬ ነው።»

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ስልኳን ታሻሻለች። አልጋው ለምን ከግድግዳው እንደራቀ ጠየቅኋት። ስልኳን ከፍታ ሰጠችኝ። የፎቁ ነዋሪዎች ግሩፕ ነው። ቀስ ብዬ አነበብኩት። «ሦስተኛ ፎቅ ላይ በጠዋት ግድግዳ የምትደበድቡ ሰዎች፣ በዚህ ዘመን እንዲህ ዓይነት ነገር ያሳፍራል። ልጆች ይረበሻሉ» ይላል። ጻፊው ከግድግዳው ወዲያ ያለው ጎረቤት ነው። ከሥሩ የተቀሰረ አውራ ጣት ተደርድሯል፣ ትክክል ነህ የሚሉት። ከሱ ሥር የልጅቷ ጽሑፍ አለ። «በጣም ይቅርታ፣ እናቴ ናት፣ አስተካክላለሁ።» ከሱ ሥር ደግሞ የተጣበቁ ሁለት እጆች፣ እንደሚጸልይ ሰው። ሁሉም ጸለዩ። እናትሽ ለምን ግድግዳ ትመታለች ብሎ የጠየቀ አንድ የለም።

አንዲት አሮጊት አንድ ክንድ በማይሞላ ግድግዳ ማዶ ሆና ኑልኝ ትላለች። ሰውየው ይሰማታል። ተነስቶ ሦስት እርምጃ ከመራመድ ስልኩን አንስቶ ለሃምሳ ቤት ይከስሳታል። ሃምሳው ቤትም ይፈርድለታል። እኛን ነው እንግዲህ ባለ ባጅዋ ቀስ እያላችሁ ትለምዱታላችሁ ያለችን።

«ለኛስ ለምንድን ነው በሷ ስልክ የምትደውዪው?» አልኳት ልጅቷን።

«እንዳትጨነቁ ብዬ ነዋ እማማ! አንድ ቀን ካልተደወለ እንደምትደነግጡ አውቃለሁ። ሪማይንደር ሞልቼ፣ ስንት ሥራ እያለብኝ፣ አንድ ቀን አላሳለፍኩም እኮ።» እየተመጻደቀች ነው። «ደግሞ ብትሰሙ ሰው ይግተለተላል። እኔ ቢሮ ነኝ፣ ማን ያስተናግዳል?»

ይኼኔ ጎተራዋ ቀና ለማለት ሞከረች።

«ምን አልሽ? በኔ ስልክ?»

ልጅቷ ወደ ቦርሳዋ አየች።

«እኔን ሆና ስታንኳኳላችሁ ከረመች?» ወደኛ ዞረች። «እናንተስ አመናችሁ?»

ሰንጋ ተራዋ መሬት መሬት አየች። እኔ «አመንን» አልኩ። የዚያን ቀን ከተናገርኩት ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። ልብስ ሰፊውን ስንቀው ከርሜ እኔም ያው ነኝ። የሱ ጽጌረዳ ነው፣ የኔ አንዲት ጩኸት ናት። ሁለታችንም ሰምተን፣ ረክተን፣ ወደ ጉዳያችን ሄድን።

«ደግ አደረጋችሁ» አለች ጎተራዋ። ዓይኗን ጨፈነች።

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። «እኔ ምኑን አውቄ? እንዲሁ የአሮጊት ጨዋታ ነው ብዬ ነው። ማንም አልነገረኝም» አለች።

መቆጣት አይሆንልኝም። አጠገቤ አስቀመጥኳት። «አንቺ የመጣሽው በሁለት ምት ነው» አልኳት። ስለ ግድግዳው፣ ስለ ምጡ፣ ስላረረው ድስት ነገርኳት። «እናትሽ ያን ቀን በግድግዳው ስትጠራኝ እኔ ዝም ብላት፣ ወይም ‹ምን ትረብሺኛለሽ› ብላት፣ ዛሬ ይኼ ባጅ የሚንጠለጠልበት አንገት አይኖርም ነበር።» እውነቱን ለመናገር አዘንኩላት፤ ከአንጀቴ ግን አይደለም። እንባዋ ስልኳ ላይ ሲንጠባጠብ በእጅጌዋ ጠረገችውና፣ እግረ መንገዷን ምን እንደመጣ አየት አደረገች።

ሰንጋ ተራዋ ተነስታ አልጋውን ያዘች። «ነይ፣ ያዢ!» አለቻት ልጅቷን። ሦስታችን ገፍተን ከግድግዳው አስጠጋነው። ጎተራዋ ዓይኗን ገለጠች፣ እጇን ሰደደች፣ አንድ፣ ሁለት ብላ መታች። ለማን እንደሆነ አልገባኝም። አዳመጥን። ከወዲያ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ዝቅ አለ። ተነስቶ ነው፣ እየመጣ ነው ብለን በሩን አየን።

የልጅቷ ስልክ ጢን አለ። አየችውና ቀላች።

«ምንድን ነው?»

«‹አሁንም እየተደበደበ ነው› ይላል።»

«ቆይ፣ መልሱን እኔ በእግሬ ላድርስለት» አለች ሰንጋ ተራዋና ወጣች። የሱን በር ስትመታው በግድግዳው ሰማነው። አንዴም ሁለቴም አይደለም፤ ለሱ ቁጥር የለም። ወዲያው በነጠላ ጫማና በቱታ የሆነ ጎልማሳ ሰውዬ ይዛ ገባች፣ ከፊት ከፊቷ እየነዳችው። አስተማሪ ነው፣ የዚያን ዕለት ክፍል የሚገባው ከሰዓት ነበር። የተኛችውን አየ፣ የተላጠ እጇን አየ፣ የሚቆምበት ጠፋው።

«አላወቅንም እኮ እማማ» አለ። «ግሩፑ ላይ ታማለች ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ…»

«ልብ ትልክላት ነበር» አለች ሰንጋ ተራዋ። «ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ። ምን እንደሚባል አያውቅም። ሰው መጠየቅ የረሳ ሰው ሲጠይቅ ያስቃል። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ በተንቀጠቀጠ ቁጥር እየደነገጠ፣ ግማሽ ሰዓት ተቀመጠ። ሲወጣ ግን ጎተራዋን፣

«እኔ ትልቅ ሰው እንደሆኑ አላወቅሁም፤ ልጅ እየተጫወተ መስሎኝ ነው» አላት።

«ልጅም ቢሆን ይመጣለታል» አለችው። በዚያን ቀን ከአፏ የወጣ የመጀመሪያው ቁጣ የሌለበት ቃል ነው፤ ያወጣችውም ለሱ ነው። ለኛ ግን ገና አልበረደላትም ነበር።

ልጅቷ የእናቷን ስልክ ከቦርሳዋ አውጥታ ትራሷ ሥር አደረገችላት። ስንወጣ ጎተራዋ አላየችንም። «ነገ እንመጣለን» አልናት። እኔ ከዚያ እስከ ቂርቆስ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ ሁሉ ያጎነበሰ ሰው ነው፣ እየሄደ የሚጽፍ፣ እየተሻገረ የሚያነብ። አንዱ ገጨኝ። «ይቅርታ» አለ፣ ለስልኩ።

በነጋታው ተነስቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ታንኳኳልኛለች አላልኩም። ባታንኳኳ እንደማልፈርድባት ለራሴ ነግሬያለሁ። ልጄ ሸሚዙን እየቆለፈ «ምነው ፈዘዝሽ?» አለኝ። እሷ ከአልጋ መውረድ ስለማትችል ሕጉን እንዴት እንደምናደርግላት እያሰብኩ ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ጠራ። ጮሆ ሳይጨርስ ተቆረጠ፣ የጋለ ነገር እንደነካ ሰው። የሷ እጅ ነው። ለብቻዬ ሳቅሁ፤ ልጄ ዞሮ አየኝ። ለሰንጋ ተራዋ ላደርስ ሁለት ቁጥርን ልጫን ስል ደግሞ ጠራ፣ ደግሞ ተቆረጠ።

ሁለት።

ደክሟት፣ ጣቷ አዳልጧት ደግማው ይሆናል። አስባበትም ይሆናል።

«ማን ናቸው? ጎተራዋ ናቸው?» አለኝ ልጄ። «ታዲያ ደውለሽ ምን እንደፈለጉ ጠይቂያቸዋ።»

«አይጠየቅም» አልኩት፣ ጫማዬን እያደረግሁ።